ደረጃው ይሠራ፤ ወረቀቱ ግን ይቅደም

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ባለፈው እሑድ በተደረገው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ የድንጋይ ደረጃችንን በሴራሚክ ስብርባሪ ሥዕል፣ ማለትም ሞዛይክ በሚባለው ሥራ እናስውበው የሚል ሐሳብ ቀርቦ እንደነበረና ስብሰባውም ሳይስማማ በጩኸት እንደተበተነ በቦታው የነበራችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። ያልነበራችሁም ጩኸቱን ከቤታችሁ ሆናችሁ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። እኔ በዕለቱ ቃለ ጉባኤ ስይዝ ስለነበረ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። አሁን ግን በዚህ ሰሌዳ ላይ ያለኝን እናገራለሁ። የሚከፋው ሰው ካለ ቤቴን ያውቀዋል፤ መጥቶ ይውቀሰኝ።

አንዱ ወገን «ቅንጦት ነው» አለ። ሌላው «አንድ ነጋዴ ከነማስታወቂያው ያሠራልናል፣ ምን አደከመን» አለ። ወጣቶቹ ደግሞ «ነገ ጠዋት እንጀምር» አሉ። እኔ በበኩሌ ከሦስቱም ጋር አልስማማም። ይልቁንም ልቤ ከወጣቶቹ ጋር ስለሆነ ከነሱ ጋር ያለኝ ጠብ ይበረታል፤ ለዚያም እደርሳለሁ።

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ አላፍርበትም። ሐሳቡን ያመጣችው የሰፈራችን ልጅ፣ ሴራሚክ ሥራ የተማረችው፣ ፎቶግራፍና ጽሑፍ ሰጥታኝ ሦስት ሌሊት አነበብኩ። እንግሊዝኛውን ልጄ እየተረጎመችልኝ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አሁን ወደ «ቅንጦት ነው» ባዮቹ ልሂድ። አንድ የማከብራቸው አባት ተነሥተው «ቧንቧው እያንጠባጠበ ስብርባሪ መለጠፍ ምን የሚሉት ሞኝነት ነው?» አሉ። ጭብጨባም አገኙ። አባቴ ይቅር ይበሉኝና፣ ስብርባሪ የሚለውን ቃል እንደ ስድብ መናገርዎ ልክ አይደለም። የዚህ ሥራ ትልቁ ዕቃ እኮ እኛ ቆሻሻ ብለን የምናወጣው ነው። የተሰነጠቀ ሲኒ፣ ጠርዙ የተሸረፈ ሰሐን፣ ግንበኛ ቆርጦ የጣለው የሴራሚክ ትርፍ። በበዓል ማግሥት ከየቤቱ ስንት ሲኒ ይወጣል? የኔዋ ባለቤት ብቻ በፋሲካ አራት ሰብራለች (ይህን በማንበቧ እንደማትቀየመኝ ተስፋ አደርጋለሁ)። ገንዘብ የሚያስወጣን ሲሚንቶው፣ ማጣበቂያውና የባለሙያዋ ድካም ነው። እሱም ቀላል ነው አልልም።

ሳን ፍራንሲስኮ የምትባለው የአሜሪካ ከተማ እንደኛው አገር ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ናት። እዚያ ሞራጋ በሚባል መንገድ ላይ 163 እርከን ያለው የሕዝብ መተላለፊያ ደረጃ አለ። በ2003 ሁለት የሰፈሩ ሴቶች ጎረቤቶቻቸውን አስተባብረው ይህን ደረጃ እናስጊጥ ብለው ተነሡ። መነሻ የሆናቸው በብራዚል ሪዮ ዴ ጃኔሮ ያለው ደረጃ ነው፤ ይኸውም ሆርሄ ሴላሮን የሚባል የቺሊ ተወላጅ ሠዓሊ ከ1990 ጀምሮ በ2013 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ሲለጥፍበት የኖረው ነው። ሴላሮን ግን ሥራውን የያዘው ብቻውን ነበረ። የሳን ፍራንሲስኮዎቹ የተለዩት እዚህ ላይ ነው። ኤይሊን ባርና ኮሌት ክራቸር የተባሉ ሁለት ባለሙያ ሴቶች ንድፉን አወጡ፤ ሥራውን ግን ከ300 በላይ የሚሆኑ የሰፈሩ ሰዎች ገብተውበት ሠሩት። ከ2,000 በላይ በእጅ የተሠራ ሸክላና 75,000 የሚያህል የሴራሚክ፣ የመስተዋትና የባለቀለም ብርጭቆ ቁራጭ ገባበት። ከታች ባሕርና ዓሣ ነው፤ እየወጣህ ስትሄድ ምድርና አበባ፣ ወፍ፣ ከዚያም ሰማይና ኮከብ፣ ከላይ ፀሐይ። ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ፈጅቶ በነሐሴ 2005 ተመረቀ።

እስቲ ልብ በሉ፤ 75,000 ቁራጭ ማለት አንድ ሰው አንሥቶ፣ አገላብጦ፣ ቦታውን ፈልጎ ያስቀመጠው ቁራጭ 75,000 ጊዜ ማለት ነው። ሥራውን ለተቋራጭ ሰጥተው ቢሆን ኖሮ ቶሎ ያልቅ ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ጎረቤት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ስም አይለዋወጥም ነበር። እኛ ሰፈር ለቅሶ ላይ ካልሆነ በቀር የታችኛው በር ሰው የላይኛውን በር ሰው የሚያውቀው የት ነው? አዲስ የገቡት ተከራዮችማ እድር ውስጥም ስለሌሉ ለቅሶ ላይም አናያቸውም። ቅንጦት ነው የምትሉት ይኸንን ከሆነ፣ እንግዲህ ቅንጦት ያስፈልገናል።

አሁን ስለ ነጋዴው። ሰውየው ደግ ነው፣ ሰፈራችንን ረድቷል፣ ስሙን አላነሣም። ሐሳቡ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ገዝቶ ሊያስለጥፍና በአናቱ ላይ የድርጅቱን ምልክት በትልቁ ሊያስቀምጥ ነው። ብዙ ሰው «ነፃ ነው» ብሎ አጨበጨበ። ነፃ ነው እንዴ? በየቀኑ ስንወጣና ስንወርድ ልጆቻችን የሚያነቡት የሱቅ ስም ሊሆን ነው እኮ። በሳን ፍራንሲስኮው ደረጃ ላይም ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከ220 በላይ ጎረቤቶች። የእያንዳንዱ መዋጮ የቆመው ለአንድ ዓሣ፣ ለአንድ ወፍ ወይም ለአንድ እንስሳ ነው፤ ስሙም በትንሹ እዚያው ላይ ሰፈረ። ነጋዴያችንም አንድ ወፍ ይግዛ። ደስ ብሎን ስሙን በወፏ ክንፍ ላይ እንጽፍለታለን፤ ከእማማ ሽንኩርት ሻጯ ዓሣ ግን አይበልጥም።

ሌላም ነገር አለ። ያ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ለሳሎን ወለል የተሠራ ነው። በክረምት ዝናብ ላይ በመርገጫው ቢለጠፍ አሮጊቶቻችንን ይጥላል። የሳን ፍራንሲስኮዎቹ ሥዕሉን ያደረጉት በእርከኑ ፊት ለፊት ቋሚ ክፍል ላይ ነው፣ እግር በሚያርፍበት ላይ አይደለም። ከታች ቆሞ ሲታይ ሥዕሉ ተያይዞ አንድ ይሆናል፤ የሚወጣው ሰው ግን የሚረግጠው ሲሚንቶ ነው። ይህን ብልኃት ሳይ በጣም ነው የገረመኝ። ልጃችንም ይኸንኑ ነው ለማስረዳት የሞከረችው፤ ማን ሰማት!

ወጣቶች ሆይ፣ አሁን ወደናንተ መጣሁ።

«ነገ ጠዋት እንጀምር» ያላችሁትን ሰምቻለሁ። ባልዲና አካፋ ይዞ የመጣም ነበረ፣ እግዜር ይስጠው። ግን ለመሆኑ ደረጃው የማን ነው? የጎኑ ግንብስ? ከናንተ ውስጥ ይህን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ባለቤቱ በወረቀት ያልታወቀ ግድግዳ ላይ የሰው ጉልበት ማፍሰስ ምን እንደሚያስከትል ፊላደልፊያ የሆነውን ልንገራችሁ።

አይዛያ ዛጋር የሚባል ሰው ነበረ፤ በ1939 የተወለደ አሜሪካዊ ሠዓሊ ነው። ከባለቤቱ ጋር በፔሩ አገር በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሠርቶ በ1968 ወደ ፊላደልፊያ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ በኑሮው ተሰብሮ፣ አእምሮውም ታምሞ፣ ራሱን እስከ መጥላት ደርሶ እንደነበረ እሱ ራሱ ሳይደብቅ ተናግሯል። ያዳነኝ ይኸው ስብርባሪ መለጠፍ ነው ይል ነበር። የገባበት ሰፈር፣ ሳውዝ ስትሪት የሚባለው፣ ትልቅ የመኪና መንገድ ይወጣበታል ተብሎ ስለታሰበ ሰው የሸሸው፣ ሱቆቹም የተዘጉበት ነበር። ነዋሪዎቹ ተቃውመው የመንገዱ ዕቅድ ቀረ። ዛጋርም በዚያ ሰፈር ውስጥ የጎረቤቱን ግድግዳ እያስፈቀደ በሴራሚክ፣ በመስተዋት፣ በጠርሙስ ይሸፍን ጀመር። በመላው ከተማ ከ200 በላይ ግድግዳ ሠርቷል። ቅዳሜና እሑድ ሰዎችን እየሰበሰበ አብረውት እየሠሩ እንዲማሩ ያደርግ ነበር። አንድ ሰው አንድ የሰበረ ሰሐን ይዞ ቢመጣ ቦታ አያጣለትም ማለት ነው።

በ1994 ከሥራ ቤቱ አጠገብ ባለው ባዶ መሬት ላይ ትልቁን ሥራውን ጀመረ፤ በአማርኛ የአስማት አትክልት እንደማለት ነው። መሬቱ የሱ አልነበረም። ባለቤቱ በሌላ ከተማ የሚኖር ሰው ነው። ዛጋር ዓመት ከዓመት ግንቡን ሲያነሣ፣ ዋሻውን ሲቆፍር፣ የብስክሌት ጎማና ጠርሙስ ሲደረድር ጠያቂ አልነበረም። ከዚያ በ2002 ባለቤቱ መሬቴን ልሸጥ ነው አለ። የስምንት ዓመት ሥራ ሊፈርስ ሆነ! ምስጋና ለሰፈሩ ሰው፣ ተሰብስቦ፣ ገንዘብ ፈልጎ፣ ማኅበር አቋቁሞ ቦታውን አዳነው። በ2008 ለሕዝብ ተከፈተ፣ እስካሁንም አለ።

ይህ በጥሩ ያለቀው ነው። ሌላኛውን ስሙ።

በዚያው ከተማ ቫይን በሚባል መንገድ ላይ ፔይንትድ ብራይድ የተሰኘ የኪነ ጥበብ ማዕከል ሕንፃ ነበረ። ዛጋር ከ1991 እስከ 2000 ድረስ ያንን ሕንፃ ከውጭ በሞዛይክ አለበሰው። 7,000 ካሬ ጫማ፣ ማለት ወደ 650 ካሬ ሜትር ይሆናል። የኛን ደረጃ ከነጎን ግንቡ ብትለኩት የዚያ ሩቡ አይሞላም። በ2017 መጨረሻ ላይ ማዕከሉ ሕንፃውን እንደሚሸጥ አስታወቀ። ማዕከሉ ጠላት አልነበረም፤ ሥራውን ያሠራውም እሱ ነው። ሕንፃው ግን የራሱ ነው፤ ሸጦ ገንዘቡን ለሌላ ሥራው ሊያውል ፈለገ። በ2018 «ይህ ሕንፃ በቅርስነት ይመዝገብ» ተብሎ ለከተማው ኮሚሽን ቢቀርብም በድምፅ ብልጫ ሳይሳካ ቀረ። ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት መመላለስ ሆነ።

በመካከሉ አንድ የሕንፃ ሥራ ባለቤት ሞዛይኩን ሳልነካ በላዩ ላይ እሠራለሁ ብሎ መጣ። ለዚህም ከተፈቀደው ከፍታ በላይ እንዲፈቀድለት ጠየቀ። ምን ሆነ ብትሉ፣ አንዳንድ የአካባቢው ጎረቤቶች ከፍታውን ተቃውመው ከሰሱ፤ ረቱም። ዕቅዱ ፈረሰ፤ ሞዛይኩን ያተርፍ የነበረው ዕቅድ አብሮ ፈረሰ። በ2023 ሰድሩን ከግድግዳው መንቀል ተጀመረ። የአስማት አትክልቱ ሰዎች የቻሉትን ያህል አንሥተው አተረፉ፤ የቀረው ከሕንፃው ጋር ሄደ። ዛጋር ይህን በዓይኑ አይቶ አረፈ።

እነዚያን ጎረቤቶች ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ሕንፃ ፀሐዬን ጋረደብኝ ማለት መብታቸው ነው፣ እኛም ብንሆን እንከሳለን። የሚያናድደው ግን ሌላ ነው። ያ ሞዛይክ ሲሠራ፣ ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ሳለ፣ «ይህ ግድግዳ ቢሸጥ ሥዕሉ ምን ይሆናል?» የሚል ወረቀት ተጽፎና ተፈርሞ ቢሆን ኖሮ በኋላ በዳኛ ፊት የሚያዝ ነገር ይገኝ ነበር። በ2018 መሯሯጥ ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ሩቅ አገር ነው የምትሉ ከሆነ የራሳችንን ላስታውሳችሁ። ከዋርካው ሥር የነበሩት የሲሚንቶ አግዳሚዎች የት ሄዱ? ሁለት ቅዳሜ ተሰብስበን፣ አሸዋውን በጀርባችን ተሸክመን፣ ሴቶቹ ቡናና ቆሎ እያቀረቡልን የሠራናቸው! ሽማግሌዎቻችን ይቀመጡባቸው አልነበረም እንዴ? አንድ ቀን ማለዳ ስንነሣ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሮ አገኘነው። ስንጠይቅ «የማኅበሩ ስለመሆኑ ማስረጃ አምጡ» ተባልን። ማስረጃ አልነበረንም። በዚያን ጊዜም ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። አንድ ገጽ ማመልከቻ መጻፍ አቅቶኝ አይደለም፤ «ማን ይነካዋል» ብዬ ነው የተውኩት። ስለዚህ ወጣቶቹን ስቆጣ ራሴንም ጭምር እየተቆጣሁ እንደሆነ ይታወቅልኝ።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህን ነው። ከመጀመሪያው ቁራጭ በፊት ደረጃውና የጎን ግንቡ በማን ስም እንደሆነ ከሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ እንጠይቅ። ፈቃዱም በጽሑፍ ይሰጠን፣ በቃል «ችግር የለም ሥሩ» የሚለውን አንቀበል። በወረቀቱ ላይ ማንም ደረጃውን ሊያፈርስ ወይም ሊያድስ ቢፈልግ አስቀድሞ ለማኅበሩ እንዲያስታውቅ፣ ሰድሩንም ለማንሣት ጊዜ እንዲሰጠን ይጻፍ። የጎን ግንቡ የግል ቤት አጥር የሆነበት ቦታ አለ፤ እነዚያ ባለቤቶች ይፈርሙ፣ ቤታቸውን ለሚሸጡለት ሰውም ይንገሩ። ላለመፈረም የሚፈልግ ካለ መብቱ ነው፣ የሱን አጥር ዘለን እናልፋለን። በግድ የተለጠፈ አበባ አያምርም።

ጥገናውንስ ማን ያደርጋል? ይህም በወረቀቱ ላይ ይግባ። የሞዛይክ ጠላቱ ውሃ ነው። ቁራጮቹ በማጣበቂያ ከተያዙ በኋላ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በቀጭን ሲሚንቶ ይሞላል፣ ትርፉም በእርጥብ ስፖንጅ ይጠረጋል። ያ መሙያ ከተሰነጠቀ የክረምት ውሃ ከኋላ ገብቶ ሰድሩን ይገፋዋል፤ አንዱ ሲወድቅ ጎረቤቱም ይላላል። ስለዚህ በየዓመቱ ከክረምት በፊት አንድ ቀን መዞር፣ የተሰነጠቀውን መሙላት ያስፈልጋል። ለዚህ ከወርኃዊ መዋጮው ላይ ትንሽ የሚቀመጥ ካልሆነ ሥራውን ባንጀምረው ይሻላል። በሦስት ዓመት ውስጥ ግማሹ የረገፈ ሥዕል ከባዶ ድንጋይ የከፋ ነው።

እዚህ ላይ ያን አባት መልሼ ላነሣቸው ግድ ሆነብኝ። ስብርባሪ በማለታቸው ብወቅሳቸውም በቧንቧው ነገር ግን እሳቸው ናቸው ልክ። ያ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ የሚያልፈው በደረጃው ሥር ነው! ዛሬ ሥዕሉን ለጥፈን ነገ ቧንቧው ቢፈነዳ የሚቆፈረው ሥዕላችን ነው። ስለዚህ ቧንቧው ይቅደም። በጭብጨባው ጊዜ ይህን አላሰብኩትም ነበር፣ ሌሊት ተኝቼ ነው የመጣልኝ። አባቴ፣ ተረትቻለሁ።

ስለ ባለሙያዋም አንድ ነገር ልበል። «የሰፈራችን ልጅ አይደለች እንዴ፣ በነፃ ትሥራልን» ያላችሁ አላችሁ። የሰፈራችን ልጅ ሐኪም ብትሆን መድኃኒቱን ከኪሷ ትግዛ ትላላችሁ? ንድፉን የምታወጣው እሷ ናት፤ የማን ሲኒ የት ላይ እንደሚሆን የምታውቀው፣ ስንሳሳትም የምታስነቅለው እሷ ናት። እኛ ጉልበት እንሰጣለን፣ እሷ ዓይኗን ትሰጣለች። ይከፈላት። ስንት እንደሚከፈላትም በዚያው ወረቀት ላይ ይግባ፣ በኋላ ሐሜት እንዳይሆን።

ለጊዜው ስብርባሪ መሰብሰብ መጀመር ይቻላል፤ ይህ ፈቃድ አይጠይቅም። ሲኒና ሰሐን ይሆናል፣ የሚያብረቀርቅ ቆዳ ያለው ሸክላ ውሃ አይጠጣምና። ጀበና አታምጡ፤ ውሃ ስለሚመጥ ለውጭ አይበጅም፣ የሚል ትእዛዝ ከባለሙያዋ ደርሶኛል። ታጥቦና ደርቆ በጆንያ ይምጣ። ልጆች አይስበሩ፤ መስበርና መቁረጥ መነጽርና ጓንት ላደረገ ትልቅ ሰው ብቻ ነው። የሞቱ ወላጆቹ ሲኒ ያለው ሰው ለብቻ በወረቀት ጠቅልሎ ስሙን ጽፎ ቢያመጣ በመዝገብ ይያዝለታል፤ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም።

የባለቤትነቱን ጥያቄ ደብዳቤ እኔ አርቅቄዋለሁ። በሚመጣው እሑድ ከእድሩ ስብሰባ በኋላ እዚያው ድንኳኑ ሥር ይነበባል። የጎን ግንብ ያላችሁ ስድስት አባወራዎችና እማወራዎች እንዳትቀሩ። ነጋዴያችንም ቢመጣ መልካም ነው፤ ወፎቹ ገና አልተሸጡም።

የማኅበሩ ጸሐፊ